ስለሚያውክ ተማሪና ስለ መምህር ፍርድ

ዳኛ በችሎት ሲሰየም በፊቱ ሕግ አለ፤ በግራና በቀኙ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመዋል፤ ከበላዩም ይግባኝ የሚሰማ ሌላ ዳኛ ይገኛል። መምህር ግን በክፍሉ ውስጥ በየቀኑ ይፈርዳል፤ ፍርዱም በዚያው ቅጽበት ይፈጸማል፤ ይግባኝም የለበትም። የሚፈረድበት ልጅ አንደበቱ ያልተፈታ፣ ወይም ጆሮው የማይሰማ፣ ወይም የአእምሮው ዕድገት ከእኩዮቹ የዘገየ በሆነ ጊዜ ደግሞ ነገሩ እጅግ ይከብዳል፤ ተከሳሹ የሚከራከርበት ቃል የለውምና።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ የላስታ ደጋ ከተማ፣ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ልዩ ድጋፍ የሚያሻቸው ዐሥር ልጆች የሚማሩበት ክፍል አለ እንበል። ከልጆቹ አንዱ መስማት የተሳነው ነው፤ አንዷ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ሌሎቹ ትምህርት የሚገባቸው በዝግታ ነው፤ ዐሥረኛው ዛሬ ኦቲዝም የሚባለው ሁኔታ ያለበት ሆኖ ቃል አይናገርም። ይህ ዐሥረኛው ልጅ መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ መጻፍ በጀመረ ጊዜ ይጮኻል፤ የጎረቤቱን ደብተር ይቀዳል፤ ሊይዘው የመጣውን እጅ ይነክሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ይህ የሚሆነው በወር አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ነው። የቀሩት ዘጠኙ ልጆች ይደነግጣሉ፤ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ የመምህሩም እጅ ይደማል። እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ?

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሦስት መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። አንደኛው «ምታው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «አስወጣው» የሚል ነው፤ ሦስተኛው «ተወው» የሚል ነው። ሦስቱም ለጊዜው ጸጥታን ያመጣሉ። ነገር ግን ጸጥታ ሁሉ ፍትሕ ነውን? ጸጥታስ ሁሉ ትምህርት ነውን? ሦስቱን መልሶች በየተራቸው ብንመረምር አራተኛ መልስ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ እንችላለን።

ላስታ የቆየ የትምህርት አገር ነው። ጥንት ሮሐ ትባል በነበረችው በላሊበላ ከተማ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ እስከ አሸተን ማርያምና እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ባለው ተራራማ አገር ሁሉ የኔታ በደጀ ሰላም ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሕፃናትን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ያንን ትምህርት ቤት በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ ታላቅ ነገር ያስተውላል። አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ስፍራ ተቀምጠው ሳለ እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ይሄዳል። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ዓይናቸው የማያይ ሊቃውንት በቃላቸው ያጠኑትን ለሚያዩት ተማሪዎች ሲያስተምሩ መኖራቸውም የታወቀ ነው። ዛሬ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች «ትምህርቱን ለልጁ ማስማማት እንጂ ልጁን በግድ ከትምህርቱ ጋር ማመሳሰል አይገባም» ሲሉ የሚያስተምሩትን ነገር አባቶቻችን ስም ሳያወጡለት ሲሠሩበት ኖረዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ አለንጋም ነበረ። የኮበለለውን ተማሪ በእግር ብረት እስከ ማሰር የደረሰ ቅጣትም ነበረ። ለዚህም መደገፊያ የሚሆን ምሳሌያዊ አነጋገር በአፋችን ይገኛል፤ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እንላለን። ነገር ግን ቃሉን በደንብ እንመርምረው። በአማርኛ «የተቀጣ ልጅ» ስንል የተገረፈ ልጅ ማለታችን አይደለም፤ በሥርዓት ያደገ፣ ታላቅን የሚያከብር፣ ራሱን የሚገዛ ልጅ ማለታችን ነው። ብዙ ጊዜ ተደብድቦ ሳለ ያልተቀጣ ልጅ አለ፤ አንድ ጊዜም ሳይመታ በሚገባ የተቀጣ ልጅ አለ። እንግዲህ የአባቶች ቃል ያዘዘው ልጅን ሥርዓት ማስተማርን ነው፤ በትሩን የጨመርንበት እኛ ነን።

አንድን ሰው መምታት ቀርቶ መውቀስ እንኳ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። ጥፋተኛው ያደረገው ነገር ጥፋት መሆኑን ያወቀ መሆን አለበት፤ ከዚያ ጥፋት ለመራቅ የሚችል መሆን አለበት፤ ዐውቆና እየቻለ ሳለም በፈቃዱ ያደረገው መሆን አለበት። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በግድ ወይም ባለማወቅ የተሠራ ሥራ እንደ ፈቃድ ሥራ ሊወቀስ እንደማይገባው ያስረዳል። የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል እንዳይጠየቅ ደንግጎ ነበር፤ በአእምሮ ሕመም ወይም በዕድገት መዘግየት ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግዛት የማይችል ሰውንም ከኃላፊነት ነጻ አድርጎት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህንኑ መሠረት ጠብቋል። ታላቁ ሕግ በነፍስ መጥፋት ጉዳይ እንኳ «ይህ ሰው ዐውቆ ነውን? ችሎ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ በክፍል ውስጥ ስለ ተቀደደ ደብተር የሚፈርድ መምህር ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ለምን በትሩን ያነሣል?

ለዚህ መልስ የሚሆነው «በትር ይሠራልና ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የተመታ ልጅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ነገር ግን ዝምታው ምን እንዳስተማረው እንጠይቅ። ቃል የሌለው ልጅ ጩኸቱን ሲነጥቁት በምትኩ የሚሰጠው ነገር ከሌለ፣ የተነጠቀው ያለውን ብቸኛ አንደበት ነው። ደግሞም ልጁ የሚጮኸው ሰው እንዲመለከተው ፈልጎ እንደ ሆነ፣ የመምህሩ ቁጣና ዱላ ራሱ የፈለገውን ትኩረት ይሰጠዋልና ሁከቱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ከዚህም በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ወይም ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህ ድንጋጌ «ቃል ለሚናገሩ ልጆች ብቻ» የሚል ገደብ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዲት የላስታ እናት ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ «የኔታ፣ ቢመቱትም ይምቱት፤ ብቻ አይመልሱብኝ» ብላ ብትለምንስ? ወላጅ ከፈቀደ መምህር ለምን ይከለከላል? ይህን ልመና በጥንቃቄ ልንሰማው ይገባናል። እናቲቱ የለመነችው ዱላን አይደለም፤ የለመነችው በሩ እንዳይዘጋባት ነው። ከሁለት ክፉ ነገሮች ቀላል የመሰላትን መርጣለች። በጭንቅ የተሰጠ ፈቃድ የፈቃድ ስም ይኑረው እንጂ ኀይል የለውም፤ የተራበ ሰው ርስቱን በአንድ ቁና እህል ቢሸጥ ሽያጩን ፍትሕ ነው እንደማንለው ሁሉ ማለት ነው። ከዚህ ልመና የምንማረው ዱላ የተፈቀደ መሆኑን ሳይሆን፣ ማስወጣት ከዱላ ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው መልስ እንለፍ። «አስወጣው» የሚለው ሰው ጨካኝ አይደለም፤ ለዘጠኙ ልጆች የሚያስብ ነው። ዘጠኙም የመማር መብት አላቸው፤ የእነርሱ መብት በአንዱ ጩኸት ሊጠፋ አይገባውም። ይህ ዐሳብ በቁጥር ሲመዘን የሚረታ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ይጎድሉታል።

መጀመሪያ፣ የሚነጻጸሩት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ዘጠኙ ልጆች የሚያጡት ሰዓት ነው፤ ዐሥረኛው የሚያጣው ዕድሜውን ነው። ልዩ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል ለእርሱ የመጨረሻው በር ነውና፣ ከዚያ የወጣ ልጅ የሚገባበት ሌላ ክፍል የለም። በቤቱ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ጓዳ ነው፤ ወላጆች ለሥራ ሲወጡም ከምሰሶ ጋር መታሰር ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚያውከው ከከበደው ትምህርት ለመሸሽ ሲል እንደ ሆነ፣ ማስወጣት ቅጣት ሳይሆን ሽልማት ይሆንለታል፤ ነገም ለመውጣት ሲል አብዝቶ ይጮኻል። ሦስተኛ፣ «የሚያውክ ይውጣ» የሚለው ደንብ አንድ ጊዜ ከጸና በአንዱ ላይ ብቻ አይቆምም። ዐሥረኛው በወጣ ማግሥት ከዘጠኙ መካከል ይበልጥ የሚያስቸግረው ልጅ በእርሱ ቦታ ይተካል፤ እርሱም ሲወጣ ስምንተኛው ተራውን ይጠብቃል። ዘጠኙን ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ዘጠኙንም ያሰጋል ማለት ነው።

በአገራችን ይህን ነገር በራሳቸው ሕይወት ያዩት የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ትምህርት ቤቶች ሊይዙት ባለመቻላቸው ሲመለስባቸው፣ ወይዘሮዋ ጉዳዩን የልጃቸው ብቻ አድርገው አልተቀመጡም። በ1990ዎቹ ዓመታት ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በኢትዮጵያ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ፣ አበጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በዚያን ጊዜ በብዙ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች የእርግማን ወይም የክፉ መንፈስ ምልክት እየተባሉ ይደበቁ ነበር። አንዲት እናት በሩ ሲዘጋባት ሌላ በር ከፈተች። ነገር ግን ከላሊበላ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለላስታ ልጅ በሩ መከፈት ያለበት በላስታ ነው።

ሦስተኛው መልስ «ተወው» የሚለው ነው። ይህ መልስ ርኅራኄ የሚመስል ነውና ከሁለቱ ይልቅ ያታልላል። ልጁ በክፍሉ ጥግ ይቀመጣል፤ የሚያጫውተው ነገር ይሰጠዋል፤ እስካልጮኸ ድረስ ማንም አይጠይቀውም፤ በመዝገብ ላይ ስሙ አለ፤ በሪፖርትም ይቈጠራል። ነገር ግን ማንም ምንም አላስተማረውም። ከልጅ ምንም አለመጠበቅ ልጁን አለማክበር ነው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላል፤ እውነትም ነው፤ ነገር ግን የሚወድ ሰው ንፍጡን ይጠርጋል እንጂ እንዲደርቅበት አይተወውም።

አሜሪካዊቱ ሔለን ኬለር ገና ሕፃን ሳለች በሕመም ምክንያት ዓይንዋም ጆሮዋም ጠፍቶ ነበር። ቤተ ሰብዋ ከማዘናቸው የተነሣ ሁሉን ነገር ይተዉላት ነበርና፣ ከሌሎች ሰዎች ሳህን በእጅዋ እያነሣች ትበላ፣ በተቈጣችም ጊዜ ትመታ ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. መምህርቷ አን ሱሊቫን በመጣች ጊዜ ልጅቱ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። መምህርቷ አልተወቻትም፤ ማንኪያ እንድትይዝ፣ በራስዋ ሳህን እንድትበላ በብርቱ ትጋት አስተማረቻት። ሆኖም የልጅቱን ሕይወት የለወጠው ማንኪያው አልነበረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በውሃ መቅጃው ዘንድ ቆመው ሳለ በአንዱ እጅዋ ላይ ውሃው ሲፈስ፣ መምህርቷ በሌላው መዳፍዋ ላይ የውሃን ስም በጣት ፊደል በጻፈችላት ጊዜ፣ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ገባት። ቃል ከተገኘ በኋላ የቁጣዋ ዘመን እየራቀ ሄደ። ከዚህ የምንረዳው ሥርዓትና ቃል ሁለቱም አስፈላጊ መሆናቸውን ነው፤ ሥርዓት ብቻውን ልጁን ይገዛዋል፤ ቃል ግን ልጁ ራሱን እንዲገዛ ያደርገዋል።

ከዚህ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በፈረንሳይ አገር የሆነው ነገር ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ትምህርት ይሰጠናል። በ1800 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ግድም የሚሆን፣ በጫካ ብቻውን የኖረ፣ ቃል የማይናገር ልጅ ተያዘ። ቪክቶር ተባለ። ዣን ኢታር የተባለ ወጣት ሐኪም በፓሪስ ሊያስተምረው ተነሣ። ልጁ ትምህርቱ በከበደው ጊዜ በብርቱ ይቈጣ፣ ይናከስም ነበር። አንድ ቀን ኢታር ልጁ ገደል እንደሚፈራ ያውቅ ነበርና ከፎቅ መስኮት ወደ ውጭ አውጥቶ ያዘው። ልጁ ገርጥቶና በላብ ተጠምቆ ተመለሰ፤ የበተናቸውንም የትምህርት ካርቶኖች ሰበሰበ፤ ከዚያም በአልጋው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ፍርሃት ሠራ፤ ካርቶኖቹ ተሰበሰቡ። ነገር ግን ልጁ በዚያ ቀን ስለ ፊደል የተማረው ነገር አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ኢታር ሌላ ፈተና ፈተነው። ልጁ የታዘዘውን ሥራ በሚገባ ፈጽሞ ሽልማቱን ሲጠብቅ፣ መምህሩ ሆነ ብሎ ያለ ጥፋቱ ወደሚቀጣበት ጨለማ ክፍል ይጎትተው ጀመር። ልጁ ከዚያ በፊት በጥፋቱ ሲቀጣ የሚቀበል ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ጊዜ ግን ባለ ኀይሉ ሁሉ ታገለ፤ የመምህሩንም እጅ ነከሰ። ኢታር ስለ ንክሻው አልተቈጣም፤ ይልቁንም ደስ አለው። ልጁ በተገባና ባልተገባ ቅጣት መካከል ያለውን ልዩነት ዐውቋልና፤ ፍትሕ የሚባለው ነገር በልቡ መኖሩን በጥርሱ ተናግሯልና። ፈተናው ራሱ ተገቢ ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በማይናገር ልጅ ላይ ሆነ ተብሎ የተፈጸመ በደል ነውና ተገቢ አልነበረም እንላለን። ነገር ግን የገለጸልን እውነት አይጠፋም። አንድ ዓይነት ንክሻ አንድ ጊዜ የድካም፣ አንድ ጊዜ የፍርሃት፣ አንድ ጊዜም የፍትሕ ጩኸት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ከመፍረዱ በፊት ማንበብ አለበት።

ስለ ንጉሥ ላሊበላ ልደት በላስታ የሚተረከውን ሁላችንም እናውቃለን። ሕፃኑን ንብ ከበበው፤ ሌላ ሰው ቢሆን የሚያየው አደጋን ብቻ ነበር፤ እናቱ ግን በንቦቹ ውስጥ ምልክትን አነበበች ይባላል። ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ለመምህር የሚሆነው ነገር ይህ ነው፤ የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ከእናት የሚወረስ ጥበብ ነው።

ዛሬ ይህ ጥበብ በሳይንስም ተረጋግጧል። በ1982 እ.ኤ.አ. ብራያን ኢዋታ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች ይህን የሚያደርጉት በምን ጊዜና በምን ሁኔታ እንደ ሆነ በጥንቃቄ መመርመር የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የሚያውኩ ልጆችን ለምን እንደሚያውኩ ከመረመሩ በኋላ ያንኑ ነገር በቃል እንዲጠይቁ ቢያስተምሯቸው፣ ማለትም ሥራው ለከበደው «አልገባኝም» ማለትን፣ ሰው እንዲያየው ለፈለገው «ሥራዬን እዩልኝ» ማለትን ቢያስተምሯቸው፣ ሁከቱ መቀነሱን አስረዱ። የልጆች ሁከት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ነው። ወይ የሰው ትኩረት መፈለግ ነው፤ ወይ ከከበደ ነገር መሸሽ ነው፤ ወይ አንድ የሚፈልጉትን ዕቃ ወይም ምግብ ማግኘት ነው፤ ወይም ሰውነት ራሱ የሚሰማው ስሜት ነው።

በምሳሌአችን ወደ ተናገርንለት ክፍል እንመለስ። ጥበቡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ይጠይቃል። መምህሩ ለሁለት ሳምንት ያህል በሦስት ዐምድ ይመዝግብ፤ ከመሆኑ በፊት ምን ነበረ፤ ምን ሆነ፤ ከሆነ በኋላ ልጁ ምን አገኘ። ከዚያም ምናልባት ልጁ የሚጮኸው ሁልጊዜ ጠመኔው በሰሌዳው ላይ ሲንጫጫ መሆኑን ያገኛል፤ እንግዲያው ጆሮው ነው የተጎዳው። ወይም ጩኸቱ ከረፋዱ በፊት ብቻ መሆኑን ያገኛል፤ እንግዲያው ከሩቅ ቀበሌ ሳይበላ በብርድ ተጉዞ የመጣ ልጅ ነውና ጥቂት ቆሎ ከዱላ ይልቅ ያስተምረዋል። ወይም ደብተር በተሰጠው ጊዜ ብቻ መሆኑን ያገኛል፤ እንግዲያው ሥራው ከብዶታልና በትንሽ በትንሹ ሊከፋፈልለት ይገባል። ለዚህ ልጅ «ከበደኝ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ካርቶን ወይም አንድ የእጅ ምልክት ይማር። ምልክቱን ባሳየ ጊዜ ሁሉ መምህሩ ሳይዘገይ ይስማው። መጀመሪያ በየደቂቃው ሊያሳየው ይችላል፤ አይሰልቹ። ልጁ በምልክት እንደሚሰማ ካመነ በኋላ መጠበቅን ደረጃ በደረጃ ይማራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መምህሩ ገና ሲመዘግብ ልጁ ድንጋይ ቢያነሣስ? በዚህ ጊዜ መያዝ ግዴታ ነው። ነገር ግን መያዝና መቅጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መያዝ የሚፈቀደው ልጁን ወይም ሌላውን ከጉዳት ለማዳን ብቻ ነው፤ የሚቆየውም አደጋው እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ የሚደረገውም እናቱ ቆማ ብታየው መምህሩ በማያፍርበት አኳኋን ነው። ልጁን ለጥቂት ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ሳይሆን ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር ጸጥ ወዳለ ስፍራ መውሰድ ማስወጣት አይደለም፤ ተመልሶ የሚገባ ነውና። ይህን ወሰን ለማስታወስ የላሊበላ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ጠራቢዎች ከላይ ወደ ታች ከአንድ ቋጥኝ ነው የሠሩት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያቆም ግንበኛ ቢሳሳት ያነሣና ሌላ ይተካል። ከቋጥኝ የሚፈለፍል ግን አላግባብ የፈነቀለውን አይመልሰውም። በፍርሃት ከልጅ ልብ ላይ የተፈነቀለ እምነትም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ መሮው ከማረፉ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል።

መምህርም ሰው ነውና ይቈጣል። እጁ እየደማ ሳለ «ይህ ልጅ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ቁጣው ኀጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ማስረጃም አይደለም። የመምህሩ ሕመም ልክ የልጁን ክፋት ልክ አያሳይም። ይህን ሸክም ለመምህሩ ብቻ መስጠትም ራሱ ግፍ ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. ባወጣችው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸው እንዲማሩ ተመልክቷል። በ1998ና በ2004 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂዎች ተዘጋጅተዋል። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጸድቋል። ወረቀቱ መልካም ነው። ነገር ግን ያለ ረዳት፣ ያለ ሥልጠና፣ ያለ ማስተማሪያ መሣሪያ ዐሥር ልጆችን ለአንድ መምህር ሰጥቶ በኋላ «ለምን መታህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለ ሥልጣን የጥፋቱ ተካፋይ ነው። አስቀድመን በሚቻልና በማይቻል መካከል ያደረግነው ልዩነት ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም ይሠራል፤ ማድረግ እንዲችል ያልረዱትን ሰው ባለማድረጉ መውቀስ አይገባምና።

ይህም ነገር በላስታ ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ያሳስባል። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስም ከተማይቱ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ እንደገና ተኩስ ተሰማባት። በእንዲህ ያለ ዘመን ውስጥ ያለፈ ልጅ በር በኀይል ሲዘጋ ከወንበሩ ሥር ቢሸሸግ፣ ወይም ያለ ምክንያት የጎረቤቱን ልጅ ቢመታ፣ ክፉ ጠባይ ብለን እንፈርድበታለንን? ቃል ያላቸው ልጆች እንኳ ያዩትን ለመናገር ቃል ያጣሉ። ልዩ ድጋፍ በሚያሻቸው ልጆች ላይ የተማርነው የማንበብ ጥበብ ለሌሎቹም ሁሉ የሚያስፈልግ ሆኖ ይገኛል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ በልጅ ሆድ ውስጥ የተከማቸውንም ሁከቱ ያወጣዋል።

እንግዲህ አራተኛው መልስ አለ፤ እርሱም «አንብበው፤ ከዚያም ቃል ስጠው» የሚል ነው። ይህ መልስ ከሦስቱ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁልጊዜም አይሳካም፤ መምህሩ በትክክል የመዘገበውን በስሕተት ሊተረጉመው ይችላል። ይሁን እንጂ ከአራቱ መካከል ልጁን ጥፋተኛ ከማድረጉ በፊት የሚሰማው ይህ ብቻ ነው። ባለ ሥልጣን የሆነ አንባቢ በሥሩ ላለ መምህር ረዳትና ሥልጠና ማቅረቡን ይመርምር። መምህር የሆነ አንባቢ ነገ ጧት ሦስት ዐምድ ያለው ደብተር ይክፈት። ተማሪ የሆነ አንባቢም በትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻውን የሚቀመጠውን፣ ሰዎች «ያበደው» የሚሉትን ልጅ በስሙ ይጥራው፤ ልጁ ዞር ባይል እንኳ በማግሥቱ ደግሞ ይጥራው።